የባሕር ሣር ወቅት አለው ወይ? ከሐይቅ ከተማ የመጣ ጥያቄ

መምህሩ ከሐይቅ

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ሐይቅ ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሰሞኑን ስለ ባሕር ሥነ ምኅዳር ሳስተምር አንድ ግራፍ ይዤ ክፍል ገባሁ። ከሜዲትራኒያን ዳርቻ ላጉኖች የተወሰደ ነው። ላጉን ማለት ከባሕሩ በአሸዋ ግርዶሽ ተከልሎ የተኛ፣ ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ ጨዋማ ውሃ ነው። ግራፉ ዞስቴራ የሚባለው የባሕር ሣር በየወሩ ምን ያህል እንደሚያድግ ያሳያል። ከየካቲት ጀምሮ ሽቅብ ይወጣል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ጫፍ ይደርሳል። ከዚያ ቁልቁል ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ከመስመሩ ግርጌ ይተኛል።

አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ይሄ ሣር ዓመቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ ነው። ታዲያ ወቅት የሚጠብቀው ለምንድን ነው?» አለችኝ። ጥያቄዋ ደስ አለኝ። እኛ ወሎ ላይ ሣርንና ዝናብን ለያይተን አናውቅም። በልጉ ከጣለ ከብቱ ይጠግባል፣ በልጉ ከቀረ የመኖ ጭንቅ ነው። ልጆቹ ያደጉት ይህን እያዩ ነው።

«ብርሃንና ሙቀት ነው የሚጠብቀው» አልኳት። እሷ ግን አልለቀቀችኝም። ግራፉ ላይ የውሃው ሙቀትም ተስሏል። እሱ ጫፍ የሚደርሰው ነሐሴ ላይ ነው። «ሙቀት ከሆነ የሚፈልገው፣ ውሃው ገና እየሞቀ ሳለ ለምን ማደጉን ይቀንሳል?» አለች። በደንብ አስረድቻት መሄድ እፈልጋለሁ። ለዚህ ነው እዚህ የመጣሁት።

ሌላም ጉዳይ አለኝ። እኛ ባሕር የለንም፣ ሐይቅ ግን አለን። ጀልባ ላይ ሆኜ ቁልቁል ሳይ፣ ከፊላው ገባ ብሎ ከውሃው ሥር የሚወዛወዝ አረንጓዴ ነገር አለ። አጥማጆቹ መረብ ላይ ሲጠመጠምባቸው ይማረራሉ። አንድ ሰሞን ይበዛል፣ አንድ ሰሞን ይጠፋል ይላሉ። የባሕሩ ሣር ሕግ ለዚህም ይሠራል? ተማሪዎቼ ራሳቸው ሊለኩት ይችላሉ? የምታውቁ አስረዱኝ።

ጦሳ ሥር

ሰላም መምህር። እኔ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ባለሙያ ነኝ፣ ደሴ ነው ያለሁት። ስለ ባሕር ብዙ አላውቅም። ግን በእኔ ግምት ዝናቡ ራሱ ሳይሆን ዝናቡ የሚያመጣው ነገር ይሆናል ወሳኙ። ጎርፍ ከማሳ ላይ ዳፕና ዩሪያ ጠርጎ ይዞ ይወርዳል። የውሃ ውስጥ ሣርም ያንን ሲያገኝ ማደግ አለበት። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ።

የቢስቲማ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። መምህር፣ ለዚያች ተማሪ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። የጠየቀችው የኔን የዕለት ሥራ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ወረባቦ ነው። አሁን የምሠራው ደቡብ ፈረንሳይ፣ ሞንፔልዬ አጠገብ ባለው ቶ በሚባል ላጉን ላይ ነው። የባሕር ሣር እንለካለን። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አይታዘቡኝ።

መጀመሪያ ስለ ሣሩ ራሱ። የባሕር ሣር አልጌ አይደለም። ሥር አለው፣ ግንድ አለው፣ ውሃ ውስጥ ያብባል፣ ዘርም ይጥላል። አያቶቹ የየብስ ዕፅዋት ነበሩ፤ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ወደ ባሕር ተመለሱ። በዓለም ላይ 70 ገደማ ዝርያዎች ብቻ ናቸው ያሉት። ሣር ቢባልም ከጤፍና ከገብስ ወገን አይደለም። ይልቅ ፖታሞጌቶን የሚባሉት የሐይቅና የወንዝ ተክሎች ይቀርቡታል።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ። ቶ ላጉን ላይ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትታየው ለ9 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በሰኔ ከ15 ሰዓት በላይ ትቆያለች። ውሃው በብርድ ወራት እስከ 5 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፣ በበጋ ደግሞ ከ25 ያልፋል (እዚህ በጋ የምንለው የእናንተን ደረቅ ወቅት ሳይሆን ሞቃቶቹን ወራት፣ ሐምሌንና ነሐሴን ነው)። ብርሃን ይቀድማል፣ ሙቀት ይከተላል። ውሃ ቀስ ብሎ ነዋ የሚሞቀው። ፀሐይዋ ሰኔ ላይ ጫፍ ስትደርስ ውሃው ገና መንገድ ላይ ነው።

ዞስቴራ ደግሞ የሚመቸው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያለው ውሃ ነው። ብርሃኑ ሞልቶ ውሃው ገና ያልጋለበት ጊዜ መቼ ነው? ግንቦትና ሰኔ። ያኔ ቅጠሉ በቀን ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። ተክል ይተነፍሳል፤ ሲተነፍስ የሠራውን ስኳር ያቃጥላል። ውሃው በሞቀ መጠን የሚያቃጥለው ከሚሠራው በበለጠ ፍጥነት ይጨምራል። ቀን የሠራውን ሌሊት ይጨርሰዋል። የሞቀ ውሃ ኦክስጅንም በደንብ አይዝም። ሥሩ የተተከለበት ጭቃ ኦክስጅን ሲያጣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይፈጠራል፤ ያ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ማለት ነው። በነሐሴ ጭቃውን ስንቆፍር ሽታው ፊት ላይ ይመጣል። ሥሩን የሚመርዘው እሱ ነው። ስለዚህ ልጅቷ ልክ ናት። ሙቀት እስከ አንድ ደረጃ ይጠቅማል፣ ከዚያ ያለፈው ይጎዳል።

ግራፉን ሲያስረዱ ግን አንድ ነገር ቢለዩላቸው ደስ ይለኛል። የሣሩ ዕድገትና የሣሩ ክምችት አንድ አይደሉም። ክምችት ማለት ዛሬ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ቆሞ የሚገኘው ነው። ዕድገት ማለት በቀን ስንት ግራም አዲስ ቅጠል ተሠራ ነው። ቅጠሉ ብዙ አይኖርም፤ ጥቂት ወር ቆይቶ ይረግፋል፣ በቦታው ሌላ ይወጣል። የዓለም የባሕር ሣር በአማካይ በዓመት በካሬ ሜትር 1 ኪሎ ግራም ገደማ ደረቅ ክብደት ያመርታል። አንድ ቀን አጭደን ብንመዝን ግን ብዙውን ጊዜ ያንን አናገኝም፤ ረግፎ የሄደው አይመዘንማ። ክምችቱ ጫፍ የሚደርሰውም ዕድገቱ ጫፍ ከደረሰ በኋላ ነው። ሰው በሐምሌ ለምለም ሣር አይቶ «አሁን ነው በደንብ የሚያድገው» ይላል። በዚያ ሰዓት ግን ዕድገቱ እየቀነሰ ነው።

የብርድ ወራትን እንዴት ያልፈዋል የሚለው እኔን በጣም የሚደንቀኝ ክፍል ነው። ሰርዶን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በእኛ አገር በጋ፣ በደረቁ ወቅት፣ ማሳው ላይ የጠፋ ይመስላል። ከአፈር ሥር ግን አግድም የሚሄደው ነጭ ግንዱ ስንቁን ይዞ ተኝቷል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ብድግ ይላል። የባሕር ሣርም ራይዞም የሚባል እንዲህ ያለ ግንድ አለው፣ ጭቃው ውስጥ አግድም የሚሄድ። በፀደይ፣ ማለትም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ፣ እና በሞቃቱ በጋ የሠራውን ስኳርና ስታርች እዚያ ያስቀምጣል። በታኅሣሥና በጥር ጥቂት አጫጭር ቅጠሎች ብቻ ይዞ ከስንቁ እየበላ ይቆያል። አንድ ዓመት በበጋው ውሃው ደፍርሶ ስንቁን ሳይሞላ ከቀረ፣ ሣሩ የሚሞተው በዚያው በጋ ላይሆን ይችላል። በሚቀጥለው ፀደይ ይጠበቃል፣ አይመጣም። ጥፋቱና ሞቱ በስድስት ወር ተራርቀው ስለሚገኙ ሰዎች ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልጋሉ።

ሁሉም ሣር በአንድ ሕግ አይሄድም ደግሞ። ፖሲዶኒያ የሚባለው የሜዲትራኒያን ሣር ቅጠሉን በመኸር ያራግፋል፣ በብርዱ አዲስ ማውጣት ይጀምራል፣ በፀደይ ይፈጥናል፣ በበጋ ስንቁን ያጠራቅማል። ሲሞዶሲያ ሙቀት ይወዳል፤ እሱ ጫፍ የሚደርሰው በሐምሌና በነሐሴ ነው። አሜሪካ ቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ውስጥ ያለው ዞስቴራ ደግሞ በፀደይ አንድ ጊዜ ያድጋል፣ በሙቀቱ ይመታል፣ በመኸር ትንሽ ቀና ይላል። ስለዚህ ግራፍ ሲያዩ መጀመሪያ የየትኛው ሣር ነው ብለው ይጠይቁ።

ወንድሜ ጦሳ ሥር፣ ሐሳብህ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ሣሩ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ይፈልጋል። ነገር ግን ከሥሩም ከቅጠሉም ይወስዳል፣ ጭቃው ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚበቃው አለ። ማዳበሪያ ውሃው ውስጥ ሲበዛ ቀድሞ የሚጠቀመው ተንሳፋፊው ደቃቅ አልጌ ነው። እሱ ይበዛል፣ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፣ ብርሃን ታች አይደርስም። ስፔን ውስጥ ማር ሜኖር የሚባል ትልቅ ላጉን አለ። በዙሪያው የመስኖ እርሻ ነው። ለብዙ ዓመታት ማዳበሪያ ሲገባበት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ውሃው አረንጓዴ ሾርባ ሆነ። ከታች ከነበረው ዕፅዋት 85 በመቶ ያህሉ ጠፋ። በ2019 ደግሞ ዓሣው ኦክስጅን አጥቶ ዳር ላይ ተንጋለለ። ፎቶዎቹን ሳይ አለቀስኩ። ቶ ላይ የምንሠራው ሥራ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደርስ ነው።

ሁሉንም ነገር የሚወስነው ብርሃኑ ነው። የባሕር ሣር በአማካይ ከውሃው ገጽ ብርሃን 11 በመቶ ያህሉ ካልደረሰው አይኖርም። ለተማሪዎቹ በሒሳብ ያሳዩአቸው። እያንዳንዱ ሜትር ውሃ ግማሹን ብርሃን የሚያስቀር ከሆነ፣ በ1 ሜትር 50 በመቶ፣ በ2 ሜትር 25፣ በ3 ሜትር 12 ተኩል ይቀራል። ሣሩ እስከ 3 ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። ውሃው ደፍርሶ እያንዳንዱ ሜትር ሦስት አራተኛውን ቢያስቀር ግን በ1 ሜትር 25፣ በ2 ሜትር 6 በመቶ ብቻ ነው። ሣሩ ወደ 1 ሜትር ተኩል ይሸሻል። ከዚያ በታች የነበረው ሁሉ አለቀ።

የአሰብ መንገድ

እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ፣ ኮምቦልቻ ነው ቤቴ። ጽሑፉን የልጅ ልጄ አነበበችልኝ፣ መልሱንም እሷ ናት የምትጽፈው። የቢስቲማዋ ልጄ፣ አላህ ዕድሜ ይስጥሽ። አንድ ነገር አስታወስሽኝ።

እስከ 1990 ድረስ አሰብ ተመላልሻለሁ። ባቲን ወርደን፣ ሚሌን አልፈን፣ ሌሊት ሌሊት ነበር የምንነዳው፣ ቀኑ አይቻልማ። ተራ እስኪደርሰን ወደቡ ላይ ስንቆይ ባሕሩ ዳር እንተኛ ነበር። ያልሽው ሣር እዚያ አለ። ቅጠሉ እንደ ሪባን ጠፍጣፋ ነው። ማዕበል ሲያወጣው ዳሩ ላይ ተከምሮ ይደርቅና ይቦካል። የአካባቢው ሰዎች ፍየሎች ሲቀማምሱት አይቻለሁ።

የሚገርመኝ ግን ይሄ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ስንሄድ ባሕሩ የሸሸ ይመስለኝ ነበር። ጥር ላይ ውሃ የነበረበት ቦታ ሐምሌ ላይ ጭቃና ሣር ሆኖ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይታያል። የሣሩ ጫፍ ተቃጥሎ ቡናማ ይሆናል። ለጓደኞቼ ስነግራቸው «ማዕበል ነው፣ ማታ ይመለሳል» ይሉኛል። ማዕበሉን እኔም አውቀዋለሁ፣ ይወጣል ይገባል። እኔ የምለው ግን ከወቅት ወቅት ያለውን ነው። ዓይኔ ነው ወይስ እውነት ነው? በክረምታችን ወራት ባሕር ይቀንሳል? እኛ ዘንድ ወንዙ ሁሉ ሞልቶ በሚያስቸግርበት ጊዜ?

የቢስቲማ ልጅ

አባባ፣ ማሻአላህ! ዓይንዎ ትክክል ነው። ያዩት እውነት ነው። የቀይ ባሕር ውሃ በበጋው፣ ማለትም በእኛ ሐምሌና ነሐሴ፣ ከጥር ወሩ ዝቅ ይላል። ምክንያቱ በዋናነት ነፋስ ነው። በብርዱ ወራት በደቡባዊው ቀይ ባሕር ነፋሱ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ገብቶ ውሃውን ወደ ውስጥ ይገፋል። በበጋው ይገለበጣል። ከሰሜን እየነፈሰ ውሃውን በባብ ኤል መንደብ በኩል ወደ ውጭ ይገፋዋል። ትልቅ ወንዝ ወደ ቀይ ባሕር አይገባም፤ ስለዚህ የእኛ ክረምት ሊሞላው አይችልም። የወሎ ምሥራቃዊ ውሃ አዋሽ ገብቶ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል፣ ባሕር አይደርስም።

የሣሩ መቃጠልም የዚህ ውጤት ነው። ውሃው በሚጎድልበት ወር ፀሐይዋ ደግሞ ትበረታለች። ጥልቀት በሌለው ቦታ ያለው ሣር ቀን ላይ ከውሃ ውጭ ይቀራል፣ ወይም ለብ ባለ ጥቂት ውሃ ውስጥ ይቀቀላል። ቅጠሉን ይጥላል፣ ራይዞሙ ግን ጭቃው ውስጥ ይተርፋል። ወረድ ብሎ ያለው ደግሞ ምንም አይሆንም። አንድ የባሕር ዳርቻ፣ አንድ ወር፣ ግን ዳሩ ላይ ያለው ሣር እየሞተ ሁለት ሜትር ወረድ ብሎ ያለው እያደገ ሊሆን ይችላል።

እና መምህር፣ ይሄን ለተማሪዎቹ ይንገሩልኝ። ሞቃት አገር ባሕር ውስጥ ወቅት የለም የሚሉ አሉ። አለ። የቀኑ ርዝመት ብዙ ስለማይለዋወጥ ልዩነቱ እንደ ሜዲትራኒያኑ አይጎላም እንጂ አለ። ወቅቱን የሚያመጣው ነፋሱ፣ የውሃው ከፍታና የውሃው ጥራት ነው። የኬንያንና የታንዛንያን የባሕር ዳርቻ ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ እዚያ የሁለት ወቅታዊ ነፋሶች መፈራረቅ ነው ዓመቱን የሚከፍለው።

አባባ፣ አንድ ነገር ልጨምርልዎ። ከቀይ ባሕር ሣሮች አንዱ ሃሎፊላ ስቲፑላሲያ ይባላል። ቅጠሉ ትንሽ ሞላላ ነው፣ እርስዎ ካዩት ሪባን የተለየ። የስዊዝ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1869 ከተከፈተ በኋላ ወደ ሜዲትራኒያን ተሻገረ። በ2002 ደግሞ ካሪቢያን ውስጥ ግሬናዳ ደሴት ላይ ተገኘ። የቀይ ባሕሩ ሣር አትላንቲክን ተሻገረ ማለት ነው። ዱጎንግ የሚባለው ትልቅ አጥቢ እንስሳም በቀይ ባሕር የሚኖረው እነዚህን ሣሮች ግጦ ነው። በቀን እስከ 40 ኪሎ ሊበላ ይችላል።

የአሰብ መንገድ

ተባረኪ ልጄ። ጓደኞቼን ነገ ቡና ላይ እነግራቸዋለሁ። ከእነሱ ውስጥ ሁለቱ አሁንም አሉ።

መምህሩ ከሐይቅ

እህቴ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። የብርሃኑን ሒሳብ ዛሬ ሰሌዳ ላይ ሠራነው። ያቺ ልጅ «ታዲያ የኛ ሐይቅ ስንት ሜትር ድረስ ነው ብርሃን ያለው?» አለች። እንግዲህ መለካት ግድ ሊሆንብን ነው።

የእኛ ነገር ከላጉኑ የሚለይ ይመስለኛል። ወሎ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ውሃውም 5 ዲግሪ አይገባም። ታዲያ እኛ ዘንድ ወቅቱን የሚያመጣው ምንድን ነው? ደግሞስ እንዴት ነው የምንለካው? ያለን ነገር ሚዛን፣ ማስመሪያ፣ አንድ የቆየ ማይክሮስኮፕ ነው። ጀልባ ከአጥማጆቹ እናገኛለን።

የቢስቲማ ልጅ

መምህር፣ አብሽሩ። ያላችሁ ነገር ይበቃል። እኛም እዚህ የምንጠቀመው መርፌና ማስመሪያ ነው።

በቅድሚያ ልኬቱን ልንገርዎ፣ ሥራው ደስ ስለሚል። የዞስቴራ ቅጠል የሚያድገው ከሥሩ በኩል ነው፣ ከጫፉ አይደለም። ቅጠሎቹ ከታች ሰገባ በሚመስል ሽፋን ተጠቅልለው ነው የሚወጡት። ጠልቀን ወይም ጥልቀት በሌለው ቦታ ተንበርክከን፣ ሰገባው ላይ ሁሉንም ቅጠል በአንድ ጊዜ በቀጭን የሕክምና መርፌ እንወጋለን። ቀዳዳው በሁሉም ላይ በአንድ ከፍታ ይቀራል። አጠገቡ ቀለም ያለው ምልክት እንተክላለን። ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰን ያንን ቡቃያ እንነቅለዋለን። ማደግ ያቆመውን የሰገባውን ውጫዊ ክፍል ስናይ ቀዳዳው ባለበት ነው። ወጣቶቹ ቅጠሎች ላይ ግን ቀዳዳው ወደ ላይ ተጉዟል። በሁለቱ መካከል ያለው ርዝመት በእነዚያ ቀናት የተሠራው አዲስ ቅጠል ነው። ቀዳዳ የሌለበት ቅጠል ካገኘን ሙሉ በሙሉ አዲስ ነው። አዲሱን ክፍል ቆርጠን፣ የለጠፈበትን አልጌ በምላጭ ጀርባ ፍቀን፣ በ60 ዲግሪ አድርቀን እንመዝናለን። ከዚያ በ25 በ25 ሴንቲ ሜትር ፍሬም ውስጥ ያሉትን ቡቃያዎች ቆጥረን በ16 እናባዛለን፤ ያ የካሬ ሜትር ይሆናል።

ይህን ዘዴ ግን ቀጥታ ወደ ሐይቅ አይውሰዱት! በመጀመሪያ ተክሉን ነቅላችሁ እዩት። ረጅም ግንድ ኖሮት ቅጠሎቹ ከግንዱ ላይ ተራ በተራ የሚወጡ ከሆነ የፖታሞጌቶን ዓይነት ነው፣ የሚያድገውም ከጫፉ ነው። መርፌው ምንም አይነግራችሁም። እንዲህ ከሆነ ከጫፉ ትንሽ ወረድ ብላችሁ ግንዱ ላይ ባለቀለም ክር ላላ አድርጋችሁ እሰሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከክሩ እስከ ጫፉ ያለውን ለኩ፣ ከበፊቱ ቀንሱ፣ አዲስ ቅጠሎችንም ቁጠሩ። ኦቨን ከሌለ ጥላ ላይ አድርቁትና ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ደጋግማችሁ መዝኑ።

የብርሃኑን ደግሞ በሴኪ ዲስክ ነው የሚለካው። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ነገር፣ አራት ቦታ ተከፍሎ ጥቁርና ነጭ የተቀባ፣ ከሥሩ ድንጋይ የታሰረበት፣ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት ባለው ገመድ የሚወርድ። የቀለም ባልዲ ክዳን ይሆናል። እኩለ ቀን ላይ በጀልባዋ ጥላ በኩል አውርዱት። ከዓይን ሲጠፋ ገመዱን አንብቡ። እዚያ ጥልቀት ላይ ከገጹ ብርሃን አሥር ሃያ በመቶ ገደማ ነው የሚቀረው። በዚያው ቀን ሣሩ የሚያልቅበትን ጥልቀት ለኩ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፉ። ለእኔ ከሁሉም ልኬት ይሄ ይበልጥብኛል። ሣሩ የሚያልቅበት መስመር ያለፉትን ወራት ብርሃን ይዞ ነው የሚጠብቃችሁ፤ ዲስኩ የሚነግራችሁ የዛሬውን ብቻ ነው።

ወቅቱን ምን ያመጣዋል ላሉት፣ እኔ የምጠብቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የክረምቱ ጎርፍ። ከተራራው አፈር ይዞ ሲወርድ ውሃው ይደፈርሳል፣ ደለሉም ቅጠሉ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ሣሩ ከመስከረም ማለቂያ በኋላ፣ ውሃው ሲጠራ፣ ያገግማል ብዬ እገምታለሁ። በልጉ የጠነከረበት ዓመት ሁለት ጊዜ ሊመታ ይችላል። ሁለተኛው የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ነው። የላይኛው ውሃ ቀዝቅዞ ይከብድና ከታችኛው ጋር ይቀላቀላል፤ ከታች የተከማቸው ንጥረ ነገር ወደ ላይ ይወጣል፣ አልጌውም ያንን ይጠቀማል። ትክክል መሆኔን የሚነግሩን የእናንተ ተማሪዎች ናቸው። በየወሩ አንድ ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ከለኩ ነገሩ ይታያል። ሁለት ወር ለክቶ መተው ግን ምንም አይጠቅም።

አደራ፣ ልጆቹ ተንሳፋፊ ጃኬት ሳይለብሱ ጀልባ ላይ አይውጡ። ሐይቁ ከዳር ትንሽ ራቅ ሲሉ በፍጥነት ነው የሚጠልቀው፣ መሃሉ ከ80 ሜትር ያልፋል። ዳር ላይም ሲቆሙ ቦት ጫማ ያድርጉ፣ ቢልሃርዚያ አለና።

ጦሳ ሥር

ትምህርት አገኘሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ከላይ ተራራው ላይ እርከን የማሠራ ሰው ነኝ። ሁሌ የምናወራው ስለ ማሳው አፈር ነው። ከታች ውሃው ውስጥ ያለው ሣር የእኛን እርከን ይጠብቃል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። መምህር፣ ከሐይቁ በላይ ባሉት ተፋሰሶች የትኞቹ እንደታከሙና የትኞቹ እንዳልታከሙ ካርታ አለን። ከታከመው ፊት ለፊት አንድ ቦታ፣ ካልታከመው ፊት ለፊት አንድ ቦታ ብትለኩ ለእኛም ትልቅ ነገር ነው። ካርታውን ይዤ ልመጣ እችላለሁ።

አንድ ጥያቄ ግን። ካርፕ የሚባለው ዓሣ ሣሩን ያጠፋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?

የቢስቲማ ልጅ

ሁለት ቦታ የሚለው ሐሳብህ ግሩም ነው፣ በዚያው ሂዱ። ስለ ካርፑም እውነት ነው። ካርፕ ምግቡን የሚፈልገው ጭቃ እየቆፈረ ነው። ሥሩን ይነቅላል፣ ውሃውንም ያደፈርሳል። ስለዚህ ሁለቱም ቦታዎች ላይ አጥማጆቹን ካርፕ በየትኛው እንደሚበዛ ጠይቁ። አለበለዚያ የካርፑን ሥራ ለእርከኑ ትሰጡታላችሁ።

መምህሩ ከሐይቅ

ካርታውን ይዘህ ና ወንድሜ፣ ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ቤት በር ላይ እንገናኝ። ተማሪዎቹ የባልዲ ክዳኑን ቀብተው ጨርሰዋል። እህቴ፣ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ለምልክቱ እናቶቻቸው ከሚፈትሉት ጥጥ ክር አምጥተው ነበር። ይሆናል?

የቢስቲማ ልጅ

ጥጡ ውሃ ውስጥ በሳምንታት ይበሰብሳል። ከአጥማጆቹ የመረብ መጠገኛ ናይለን ለምኑ። ለእያንዳንዱ ወር የተለየ ቀለም አድርጉለት፤ የመስከረሙ ከጥቅምቱ እንዳይቀላቀል።